በሰልባጅ ዋጋ የድሮ ዘመን አለባበስ፦ ከቅዳሜ ገበያ እስከ ልብስ ሰፊው

አክስቴ አንድ ፎቶ አላቸው። ጥቁርና ነጭ ነው፣ ዳር ዳሩ እንደ መጋዝ ጥርስ የተከረከመ። በ1960ዎቹ መጀመሪያ እዚሁ ጎንደር፣ ፒያሳ የተነሱት ነው። ወገቡ ላይ ጠበቅ ብሎ ወደ ታች የሚሰፋ ሽንሽን ጉርድ፣ ባለ ክብ ኮሌታ ነጭ ሸሚዝ፣ ባለ ማሰሪያ ጫማ፣ ከላይ ደግሞ ነጠላ በአንድ ትከሻ ጣል አድርገው። እንደዚህ ልልበስ ብዬ ስነሳ መጀመሪያ የሄድኩት አዲስ ልብስ የሚሸጥባቸው ቡቲኮች ነበር። ዋጋውን ሰምቼ ወጣሁ። ከዚያ ሰልባጅ ተራ ገባሁ። ዛሬ ቁም ሳጥኔ ውስጥ ካለው ልብስ አብዛኛው ከዚያ የመጣ ነው፣ የት ገዛሽው ብለው የሚያስቆሙኝም በእነዚህ ልብሶች ነው። ስለዚህ ከሀ እስከ ፐ ልጻፈው።

ከሁሉ በፊት አንድ ነገር ያዢልኝ። ሰልባጅ ውስጥ ሙሉ ልብስ ፍለጋ አትውጪ፣ በእውነት 50 ዓመት የሞላው ልብስ ካላገኘሁ ብለሽም አትጨነቂ። የምትፈልጊው ቅርጽ ነው። ቅርጹ ደግሞ ግማሹ የሚገኘው ገበያ፣ ግማሹ ልብስ ሰፊ ጋ ነው። ብዙዎቻችን ብራችንን ገበያ ላይ ጨርሰን እንመጣና ጨርቁ ያማረ፣ ልኩ ግን ያልሆነ ልብስ ታቅፈን እንቀራለን። የፎቶዎቹ ሴቶች ያማሩበት ምክንያት ምን መሰለሽ? ጨርቅ ገዝተው፣ ልብስ ሰፊ ፊት ቆመው፣ ተለክተው ስላሰፉ ነው። ልብሱ የእነሱ ነበር።

መጀመሪያ ዘመንሽን ምረጪ

እዚህ ላይ አንድ ማደናገሪያ አለ። ፈረንጆቹ «ስልሳዎቹ» ሲሉና እኛ «ስልሳዎቹ» ስንል አንድ ዘመን አይደለም፤ በመካከላችን የ7 እና የ8 ዓመት ልዩነት አለ። ኢንተርኔት ላይ የ1960ዎቹ ፋሽን ብለሽ ስትፈልጊ የሚመጣልሽ በአብዛኛው የእኛ 1950ዎቹ ነው። የአክስቴ ፎቶ ደግሞ በእነሱ አቆጣጠር ወደ 1970 ይጠጋል። የምትፈልጊው የእናትሽን ወይም የአክስትሽን ፎቶ ከሆነ ይህን አስልተሽ ፈልጊ፣ አለዚያ ሌላ ቅርጽ ይዘሽ ትመጫለሽ።

በሰልባጅ ለመሥራት የሚመቹ ሦስት ቅርጾች አሉ። አንደኛው ወገቡ ጠባብ፣ ጉርዱ ሰፊ የሆነው ነው። ይህን ቅርጽ ዓለም ያወቀው ፈረንሳዊው ልብስ ዲዛይነር ክርስቲያን ዲዮር በፈረንጆቹ 1947 ፓሪስ ላይ ካሳየው በኋላ ነው። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ዘመን ጨርቅ በራሽን ስለነበር ልብስ ሁሉ ቁጥብ ነበር፤ እሱ ወገቡን አጥብቆ ጉርዱን በብዙ ሜትር ጨርቅ አሰፋው፣ ያኔ ሰው ጉድ አለ። ለእኛ ግን ወገቡ የተያዘ፣ ታቹ የሰፋ ቀሚስ እንግዳ ነገር አይደለም፤ ሽንሽን ቀሚስ ያየ ዓይን ወዲያው ይለምደዋል። ሁለተኛው ከትከሻ ጀምሮ ቀጥ ብሎ የሚወርድ፣ ወገብ የሌለው፣ ከጉልበት ከፍ የሚል ቀሚስ ነው፤ የእንግሊዛዊቷ ዲዛይነር የሜሪ ኳንት ስም ከሚኒ (ከአጭሩ ጉርድ) ጋር አብሮ የሚነሳበት የለንደን ዘመን። ሦስተኛው እግሩ ከታች የሚሰፋ ቤል ቦተም ሱሪ፣ ከፍ ያለ ወገብ፣ ጫፉ ሹል የሆነ ትልቅ ኮሌታ፣ ከአፍሮ ጸጉር ጋር።

ለጀማሪ የመጀመሪያውን እመክራለሁ። ጉርድ ሰልባጅ ውስጥ ሞልቷል፣ ወገብ ማጥበብ ደግሞ ለልብስ ሰፊ ቀላል ሥራ ነው። ቤል ቦተም ግን እግሩ ከታች ካልሰፋ ጨርቅ ጨምሮ ማስፋት ስለሚያስፈልግ ወጪው ከፍ ይላል።

ከመረጥሽ በኋላ አራት አምስት ፎቶ ስልክሽ ላይ አስቀምጪ። ስታያቸው አራት ቦታ ላይ አተኩሪ፦ ወገቡ የት ላይ ነው፣ ጫፉ የት ይቆማል፣ እጅጌው ምን ያህል ነው፣ ኮሌታው ምን ዓይነት ነው። ቀለሙና አበባው በኋላ ይመጣል።

ብሩን ከመውጣትሽ በፊት ክፈዪው

3,000 ብር አለሽ እንበል። እኔ እንዲህ እከፍለዋለሁ፦ ለዋናው ልብስ፣ ማለትም ለጉርዱ ወይም ለቀሚሱ 1,000፣ ለሸሚዝ 450፣ ለጫማ 900፣ ለልብስ ሰፊ 400፣ ለቁልፍ፣ ለቀበቶና ለሻሽ 250። ዋጋ ከሳምንት ሳምንት ይለዋወጣል፣ የአንቺ ብር ከዚህ ሊያንስም ሊበልጥም ይችላል፤ ክፍፍሉን ግን ያዢው። የልብስ ሰፊውን 400 ከሌላው ለይተሽ ቤት ትተሽው ውጪ። ኪስሽ ውስጥ ካለ ገበያው ይበላዋል።

ደግሞ ቤት ያለሽን መጀመሪያ እይ። የእናትሽ ሣጥን ውስጥ አንድ ቀበቶ፣ አንድ የሐር ሻሽ፣ አንድ የእጅ ቦርሳ አይጠፋም። አስፈቅደሽ ውሰጂ እንጂ ዝም ብለሽ አታንሺ፤ ዕቃው ትዝታ አለበት።

ሜትር ያዢ

ያለ ሜትር ሰልባጅ አይገባም። ልብሱ ላይ የተጻፈውን ቁጥር አትመኚ፤ ልብሱ ከአሥር አገር የመጣ ነው፣ የየአገሩ ቁጥር ይለያያል። ዕድሜ ያለው ልብስ ላይ ያለው ቁጥር ደግሞ ዛሬ ካለው ተመሳሳይ ቁጥር ጠበብ ይላል። ቤትሽ ሆነሽ ደረትሽን፣ ወገብሽን፣ ዳሌሽን፣ ከትከሻ እስከ ትከሻ ያለውን፣ ከወገብሽ እስከ ባትሽ መሐል ያለውን ለክተሽ ስልክሽ ላይ ጻፊ። ገበያ ላይ ልብሱን ዘርግተሽ ወገቡን ከዳር እስከ ዳር ለኪና በሁለት አባዢው። ከወገብሽ 2 ወይም 3 ሴንቲ ሜትር ከበለጠ ጥሩ ነው። 10 ቢበልጥም ችግር የለም፣ ይጠብባል። ካነሰ ግን ተዪው።

መልበሻ ክፍል የለምና ቀጭን ቲሸርትና ታይት ለብሰሽ ሂጂ፤ ከላዩ ላይ መሞከር ትችያለሽ።

ገበያው

ቅዳሜ ገበያ በጠዋት ሂጂ። አዲስ ቦንዳ የተፈታ ቀን ከሆነ ጥሩ ጥሩውን ቀድሞ የደረሰ ነው የሚያነሳው። ነጋዴው የወደደውን መስቀያ ላይ ይሰቅላል፣ የቀረውን ሸራ ላይ ይከምርና «ምረጡ! ምረጡ!» ይላል። ለድሮ ዘመን አለባበስ ክምሩ ይሻላል። መስቀያው ላይ ያለው ዘንድሮ የሚፈለገው ነው፤ ክምሩ ውስጥ ያለው ሰው «የአሮጊት ልብስ» ብሎ የተወው፣ ማለትም አንቺ የምትፈልጊው ነው። በነገራችን ላይ የጥምቀት ሰሞን ገበያው ይጨናነቃል፣ ነጋዴውም ዋጋ አይቀንስም። «ለጥምቀት ያልሆነ ቀሚስ ይበጣጠስ» ብለሽ በታኅሣሥ መጨረሻ ከምትራወጪ በጥቅምት ወይም በኅዳር ብትጀምሪ ለልብስ ሰፊውም ጊዜ ትሰጪዋለሽ።

ክምሩ ላይ ዓይንሽን ቶሎ አታሠማሪ። እጅሽን አስገቢ። እኔ እንደዚህ ነው የማደርገው፦ እጄን እስከ ክርኔ እከትና በጣቶቼ መሐል ጨርቅ በጨርቅ አሳልፋለሁ። ፖሊስተር ያዳልጣል፣ ትንሽ ይንጫጫል። ጥጥ ደረቅና ቀዝቀዝ ያለ ነው። ሱፍ ከበድ ይላል፣ ሞቅ ይላል፣ ጨምድደሽ ስትለቂው ቀስ ብሎ ይመለሳል። ጣትሽ ከባድና ለስላሳ ነገር ላይ ሲደርስ ያኔ ጎትተሽ አውጥተሽ እይው። በዓይን ብቻ የምትፈልጊ ከሆነ አንጸባራቂው ቀለም ይጠራሽና ጥሩውን ጨርቅ ረግጠሽው ታልፊያለሽ።

ካወጣሽው በኋላ የማይስተካከለውን አስቀድመሽ እይ። ትከሻ። ትከሻው ከሰፋብሽ ወይም ከጠበበብሽ ልብስ ሰፊው እጅጌውን ነቅሎ፣ ትከሻውን ቆርጦ፣ እንደገና መግጠም አለበት፤ ያ ደግሞ ልብሱን ከገዛሽበት ሊበልጥ ይችላል። እኔ አንድ ጊዜ ጥቁር አረንጓዴ የሱፍ ቀሚስ በጣም ወድጄ፣ ትከሻው እንደጠበበኝ እያወቅሁ ገዛሁት። እስካሁን አንድም ቀን አልወጣሁበትም። የትከሻ ስፖንጅ ያለበት ኮት ወይም ቀሚስ ግን አያስፈራሽ፣ ስፖንጁ በመቀስ ይወጣል።

ከትከሻ ቀጥሎ ልብሱን ወደ ፀሐይ አንሺው። ብል የበላው ካለ ብርሃን በነጥብ በነጥብ ያልፋል። አንድ ሁለት ቀዳዳ ስፌት አጠገብ ከሆነ ይደበቃል፣ ደረት ላይ ከሆነ ይቅርብሽ። ብብቱን ገልብጠሽ እይ፤ የላብ ቢጫ ቶሎ አይለቅም፣ ጨርቁ እዚያ ቦታ ከደረቀና ከሳሳ ደግሞ ይቀደዳል። ዚፑን ሦስት ጊዜ ክፈቺ ዝጊ። ከዚያ ጫፉን ገልብጪ። የጫፉ እጥፋት 4 ወይም 5 ሴንቲ ሜትር ከሆነ፣ ከውስጥ ያለው የስፌት ትርፍም ወፍራም ከሆነ ደስ ይበልሽ፤ ማስረዘምም ማስፋትም ይቻላል ማለት ነው። የድሮ ልብስ አንዱ ምልክት ይኼ ነው፣ ሰፊው ነገ ሰውነት እንደሚቀየር አስቦ ትርፍ ይተው ነበር።

ዕድሜውን ማወቅ ከፈለግሽ አንገቱ ጋ ያለውን ጽሑፍ አንብቢ። በምዕራብ ጀርመን ተሠራ የሚል ካገኘሽ ልብሱ በፈረንጆቹ ከ1990 በፊት የተሠራ ነው፣ ከዚያ በኋላ በዚያ ስም የሚጠራ አገር የለምና። ዩጎዝላቪያ የሚልም እንዲሁ ቆየት ያለ ነው። የሱፍ ልብስ ላይ እንደ ተጠቀለለ ክር ያለ ምልክት ታያለሽ፤ እሱ የጀመረው በፈረንጆቹ 1964 ነውና ምልክቱ ያለበት ልብስ ከዚያ ዓመት ወዲህ የተሠራ ነው፣ ጨርቁ ንጹሕ ሱፍ መሆኑንም ይነግርሻል። የብረት ዚፕ በቀሚስ ጎን ላይ ካየሽም አንድ ፍንጭ ነው፤ የናይሎኑ ዚፕ ቦታውን የያዘው በኋላ ነው።

የወንዶች ክምርም አይለፍሽ። የወንድ የሱፍ ካፖርት፣ የወንድ ሹራብ ባለ ቁልፍ፣ ነጭ የወንድ ሸሚዝ ከሴቶቹ ይረክሳል፣ ጨርቁም ብዙ ጊዜ ይበልጣል። ጎንደር ከባሕር ወለል ከ2,100 ሜትር በላይ ነው፤ ፀሐይ ስትጠልቅ ብርዱን እናውቀዋለን። ጥሩ ካፖርት ዓመቱን ሙሉ ያገለግልሻል።

ዋጋ ላይ በትሕትና ጠንክሪ። ሻጩን ዕቃውን እያጣጣልሽ አታስከፊው። እኔ ጉድለቱን አሳየዋለሁ፣ «ወንድሜ፣ እይ ገበሩ ተተርትሯል፣ ለልብስ ሰፊ ልከፍል ነው፣ የዚያን ያህል ቀንስልኝ» እላለሁ። እውነት ስለሆነ ይቀንሳል። ሁለት ሦስት ዕቃ ከአንድ ሰው ስትወስጂ ደግሞ «ደንበኛ አድርገኝ» በይው። ደንበኛ ከሆንሽ ቦንዳ የሚፈታበትን ቀን ራሱ ይነግርሻል፣ ያ ከቅናሹ ይበልጣል።

ቤት ስትደርሺ

ልብሱን አልጋ ላይ አታስቀምጪ። ቀጥታ ወደ ውኃ። ግን መጀመሪያ ጨርቁን እወቂ። ከውስጥ ስፌቱ ትርፍ ላይ ሁለት ሦስት ክር ምዘዢና በወረንጦ ይዘሽ ክብሪት አስጠጊበት፣ ሰሐን ላይ ሆነሽ። ሱፍና ሐር ከሆነ የተቃጠለ ጸጉር ይሸታል፣ አመዱ በጣትሽ ይደቅቃል። ጥጥ እንደ ወረቀት ይነድዳል፣ የሚቀረው ለስላሳ ግራጫ አመድ ነው። ፖሊስተርና ናይሎን ይቀልጣል፣ ሲበርድ ጠንካራ ፍሬ ሆኖ ይቀራል።

ይህን ሳላውቅ በፊት አንድ የወይን ጠጅ ቀለም ሹራብ ከሌላው ልብስ ጋር በሙቅ ውኃና በኦሞ ዘፈዘፍኩት። ሳወጣው የስድስት ዓመት ልጅ ሹራብ ሆኗል፤ ተኮማትሮ፣ ደርቆ። ንጹሕ ሱፍ ነበር። በጣም አዘንኩ፣ እንደዚያ ዓይነት ሁለተኛ አላገኘሁም። ሱፍ በቀዝቃዛ ውኃ፣ በጥቂት ሻምፑ፣ ሳይታሽ፣ ሳይጠመዘዝ ይታጠባል። በፎጣ ጠቅልለሽ ጫን ጫን ታደርጊና ጥላ ላይ ዘርግተሽ ታደርቂዋለሽ። ከሰቀልሽው ይለጠጣል።

ጥጥና ፖሊስተር ችግር የለበትም። የሰልባጅ ሽታ እንቢ ካለ ባልዲ ውኃ ውስጥ አንድ ሲኒ አቼቶ ጨምረሽ ለግማሽ ሰዓት ዘፍዝፊ፣ ከዚያ በደንብ አለቅልቂ። በረኪና ግን ከነጭ ጥጥ ሌላ ምንም ላይ እንዳታፈሺ፤ በተለይ ሱፍና ሐርን ይበላቸዋል። ዚፑ ከደረቀ ሻማ አሽበት።

ልብስ ሰፊው ጋ

ልብሱን አጥበሽ፣ ተኩሰሽ ሂጂ። የቆሸሸ ልብስ ለሰው እጅ መስጠት ነውር ነው፣ ደግሞም ሳይታጠብ የተለካ ጥጥ በኋላ ሊገባ ይችላል። ከእሱ ጋር የምታደርጊውን ጫማ አድርገሽ ሂጂ፣ ርዝመቱ የሚለካው በጫማ ነው።

እኔ የማምነው በረንዳ ላይ መኪናቸውን አውጥተው የሚሰፉ አንድ አዛውንት ናቸው። ፎቶውን አሳያቸዋለሁ። «ጋሼ፣ እንደዚህ ወገቡ ላይ እንዲይዝልኝ ነው የምፈልገው» ስላቸው መነጽራቸውን ዝቅ አድርገው ያዩታል። «ይኼማ የእኛ ጊዜ ነው» አሉ የመጀመሪያ ቀን። ከዚያ ጉርዱን ወገቤ ላይ በመርፌ ቁልፍ እየያዙ፣ ትርፉን ከኋላ በአንድ ቦታ ብቻ ከመውሰድ ከአራት ቦታ በጥቂት በጥቂቱ ወሰዱት። ልዩነቱን ያየሁት ስለብሰው ነው። ከአንድ ቦታ የተወሰደ ወገብ ሽንሽኑን ወደ አንድ ጎን ይጎትተዋል፣ ከአራት ቦታ ሲሆን ግን ዙሪያውን እኩል ይወርዳል። አንቺም ይህንኑ ጠይቂ። «ከአንድ ቦታ አይሁን፣ አከፋፍለው ያጥብቡልኝ» በያቸው።

ርዝመቱን የባትሽ ወፍራሙ ቦታ ላይ አታስቁሚው፤ እግርን ያሳጥራል። ከዚያ ሁለት ጣት ከፍ ወይም ዝቅ ይበል። የሚቆረጠውን ጨርቅ ደግሞ ተቀበያቸው። እኔ ከጉርዱ የተረፈውን በዚያው ጨርቅ የተሸፈነ ቀበቶ አሠራሁበት፣ ያ ቀበቶ ከሁሉ በላይ ልብሱን የድሮ አስመሰለው።

ጥቃቅኑ

ቁልፍ ቀይሪ። ርካሹና ትልቁ ለውጥ እሱ ነው። ቀጭን የፕላስቲክ ቁልፍ ያለበትን ሸሚዝ የዛጎል መልክ ባላቸው ወይም በጨርቅ በተሸፈኑ ቁልፎች ስትቀይሪ ሌላ ሸሚዝ ይሆናል። የልብስ ስፌት ዕቃ የሚሸጡ ሱቆች በፍሬ ይሸጡልሻል። የበላይዋ ቁልፍ ከሌሎቹ ብትለይም ያምራል፣ ነጠላ ጣል ስታደርጊ እሷ ብቻ ናት የምትታየው።

ጫማ ባለ ማሰሪያና ወፍራም ታኮ ይሁን። ፒያሳን በቀጭን ታኮ ወጥተሽ ስትወርጂ የኮብል ስቶኑ ክፍተት ይይዝሻል፣ ታኮውም ይነቀላል። ቆዳው ደህና ከሆነ የተፋቀው አያሳስብሽ፤ ሊስትሮ ጋ ቀለም ይቀባል፣ ሶሉን ጫማ ሰፊ ይሰፋዋል።

ሦስት ቀለም ይበቃል። ቡናማ፣ ክሬምና ጥቁር ሰማያዊ ብትይ ማንኛውም ነጠላ ይሄድለታል። ነጠላውን አትተዪው። ኢንተርኔት ላይ ያሉት የፈረንጅ ፎቶዎች ጓንትና ባርኔጣ ያሳዩሻል፣ እኛ አገር የዚያ ዘመን ፎቶ ላይ ግን ከአጭር ቀሚስ ላይ እንኳ ነጠላ ታያለሽ። የእኛን ፎቶ የእኛ የሚያደርገው እሱ ነው። ጥለቱ ከጉርዱ ቀለም አንዱን ከያዘ በቂ ነው።

ከምትወጪበት ቀን በፊት ሁሉንም ለብሰሽ ቁጭ በይ፣ ተነሺ፣ ደረጃ ውጪ፣ እጅሽን ወደ ላይ አንሺ። የሚጎትት ነገር ካለ ያኔ ይታወቃል።

እኔ እንዲህ ለብሼ መጀመሪያ የሄድኩት አክስቴ ቤት ነበር። ቡና እየፈላ ነበር። አክስቴ ረከቦቱ አጠገብ ተቀምጠው ከላይ እስከ ታች አዩኝ፣ ጉርዱን ጫፉን ገለበጡና ስፌቱን በጣታቸው ዳሰሱት። «ማን ሰፋልሽ?» አሉ። ነገርኳቸው። ከዚያ ወደ ኮሌታዬ ጠጋ ብለው፣ «ይቺ ቁልፍ ላልታለች፣ መርፌና ክር አምጪ» አሉኝና እዚያው እንደቆምኩ ሰፉልኝ።